ስም የተሰፋበት ጨርቅ ለመተማም ያስፈልጋታል

ኅዳር ሲገባ የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በጥጥ ለቀማ ይወጠራል። ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከረጢቱን በወገቡ አስሮ በረድፎቹ መሃል ይሰማራል። አብዛኛው ምርት በጆንያ ታጭቆ ወደ ገበያ ሲጫን፣ ጥቂቱ እንዝርት ካላስቀመጡ እናቶች ዘንድ ይቀራል። ኅዳር 22 ደግሞ የዓለም ኤድስ ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ በንግግርና በቲሸርት ይታለፋል። ጥጡንና ቀኑን የሚያገናኝ ሥራ ግን አለ። ሠርተው ያሳዩት በአገራችን ብዙ ሰው በበጎ የማያነሳቸው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ በተደረገ የሻማ ሰልፍ ላይ ክሊቭ ጆንስ የተባለ የመብት ተሟጋች ሰልፈኞቹ በኤድስ የሞቱባቸውን ወዳጆች ስም በካርቶን እንዲጽፉ ጠየቀ። ካርቶኖቹ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሲታዩ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ መሰሉት። ከዚያ ተነስተው በ1987 ስፌት ጀመሩ። እያንዳንዱ ጨርቅ 90 ሴንቲ ሜትር በ180 እንዲሆን ተወሰነ፤ የአንድ መቃብር ልክ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11 በዋሽንግተን አደባባይ ሲዘረጋ ጨርቆቹ 1,920 ነበሩ። ዛሬ ወደ 50,000 ደርሰዋል፤ ክብደታቸውም 54 ቶን ይሆናል።

በዚያ ዘመን በኤድስ የሞተን ሰው አስከሬን አንቀበልም ያሉ የቀብር አገልግሎት ሰጪዎች ነበሩ፤ ልጃቸው በምን እንደሞተ የደበቁ ወላጆችም እንዲሁ። ሆኖም በጨርቆቹ ላይ ያለው ሐዘን ብቻ አይደለም። የሟቹ ጂንስ ሱሪ ተሰፍቶበታል፤ የመድረክ ቀሚሱ ፈርጥ፣ የልጅነት አሻንጉሊቱ፣ ጓደኞቹ ብቻ የሚስቁበት ቀልድ ሳይቀር ሰፍሮበታል። መርፌ ይዞ የማያውቅ ጎረምሳ ልጇን ከቀበረች እናት ጎን ተቀምጦ ስፌት ተማረ። ሟቹ እንዴት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ሲኖር ምን ያስቀው እንደነበረም ጨርቁ ላይ ቀረ።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የቀስተ ደመና ሰንደቅም የብዙ እጅ ሥራ ነው። ስሙ የሚነሳው ጊልበርት ቤከር ቢሆንም ቀለም በመንከር የተካነችው ሊን ሴገርብሎምና በስፌት የሠለጠነው ጄምስ ማክናማራ ከጎኑ ነበሩ። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች የጥጥ ጨርቁን በቆሻሻ መጣያ በርሜሎች ውስጥ እየነከሩ በስምንት ቀለም አቀለሙት። ቤከር እንደተረከው፣ በሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀለም ያለው ጨርቅ ማጠብ ስለተከለከለ ሌሊት ጠብቀው ገቡ፤ ሲጨርሱም በማግስቱ የሚመጣው ደንበኛ የውስጥ ልብሱ ሮዝ ሆኖ እንዳይወጣ ማሽኖቹን በበረኪና አጠቡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወይ የሚጨበጨብለት ወይ የሚቃጠለው ሰንደቅ እንዲህ ባለ የጓዳ ሥራና ሳቅ የተወለደ ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ያስቀጣል። በይፋ የሚናገሩት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ኢትዮጵያውያን እንደ ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ባሉ ስብስቦች ዙሪያ ሆነው በአብዛኛው ከውጭ አገር ነው። አገር ውስጥ ያለው ዝም ይላል። ሟችን በስሙ ማሰብ ግን ወንጀል ሆኖ አያውቅም፤ ከተናቀ ሰው እጅ ልብስ ተቀብሎ መልበስም ለጎንደር አገር አዲስ አይደለም።

ለበዓል የሚለበሰውን ሸማ ለዘመናት የሠሩት ርስት የተነፈጋቸው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሰድበው ሰው ስድቡን የሚወረውረው ያው ሸማኔ የሠራለትን ኩታ አጣፍቶ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው ማወጅ ያስፈለጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በፎገራም በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በፆታ አልለይም በማለቱ ከጎረቤት ብዙ ጥላቻ ደርሶበታል። መሬቱ ሲጠበው ሽመና ያዘ፤ ሴቷ ዕቃው ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች፣ ወንዱም ይፈትላል። ያኔ «ነውር» የተባለውን ለማየት ዛሬ ጎብኚ ይመጣል።

መተማ ዮሐንስ የኬላ ከተማ ናት። የከባድ መኪና ሾፌር ያድርባታል፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ ይገባባታል፤ በቡና ቤት የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ከየአቅጣጫው ይመጡባታል። ኤድስ ሲበረታ እንዲህ ያሉ ከተሞች ብዙ ሰው አጥተዋል። ለቅሶ ቤት ግን ሟቹ በሳንባ ወይም በአልማዝ ባለጭራ ሄደ ይባል ነበር። እንደ ተስፋ ጎህና መቅድም ያሉ ማኅበራት አባላት «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብለው አደባባይ እስኪወጡ ድረስ በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቤተሰቡ መርዶ ሳይሰማ የተቀበረበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ለመተማ የስም ጨርቅ ይሠራላት። እናቶች የቆላውን ጥጥ በመዳመጫ አዳምጠው፣ ባዘቶ አድርገው ይፍተሉት፤ ሸማኔ ይሸምነው። ከአንድ ሸማኔ ዕቃ የሚወጣው ሸማ ስፋቱ ሁለት ክንድ ገደማ ስለሆነ አራት ክንድ ላይ ቢቆረጥ ከአሜሪካኖቹ ጨርቅ ብዙም አይለይም። ጥለቱን ሟቹን የሚያውቀው ሰው ይምረጥለት፤ የሾፌሩ መኪና ሰሌዳ፣ የሴትየዋ የጀበና ማቶት፣ የወጣቱ የኳስ ማሊያ ቢጠለፍበት ያምርበታል። ሙሉ ስሙ የማይታወቅ የቀን ሠራተኛ በቅጽል ስሙና በሠራበት የእርሻ ካምፕ ይጻፍ።

አንድ ሕግ ብቻ ከመነሻው ይጽና፦ ሟቹ በሽታው ከማን፣ እንዴት ያዘው ብሎ የሚጠይቅ አይኑር። ባሏ ያስያዛትም፣ በቡና ቤት ሥራ የያዛትም፣ ወንድ ወዶ የሞተውም እኩል ይሰፋ። ገንዳ ውሃ ያሉት የዞኑ የጤናና የባህል መምሪያዎች አንድ አዳራሽና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ቢሰጡ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ግን በነፃ እንዲሠሩ መለመን የለባቸውም፤ የእጅ ዋጋቸው ለቀኑ ከሚመደበው የቲሸርት በጀት ላይ ተነስቶ ይከፈላቸው።