የማይታይ ሁሉ የለም ማለት አይደለም

ቴፒ ላይ ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው በአጥር ላይ ነው። «ቡና ጠጡ!» ይባላል፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ይመጣል። ከወንዝ ማዶ ያለው ዘመድ ግን አልሰማምና አይመጣም። ታዲያ ስላልመጣ ዘመድ የለንም ማለት ይገባልን?

እኛ ተማሪዎች ግን ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ይህንኑ ስሕተት እንሠራለን። ባለፈው ሰሞን ለፈተና ያዘጋጀነውን ማስታወሻ ለሁሉ እንዲከፈት አድርገን በአንድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥን። በሌላ ሕንጻ ያሉ ጓደኞቻችን የኔትወርኩን ዝርዝር ከፍተው ቢፈልጉት አጡት። «ደበቃችሁት» ብለው ወቀሱን፤ እኛም ተቀየምን። በኋላ የኮምፒውተሩን አድራሻ በቁጥር ቢጽፉት ወዲያው ተከፈተ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብኔት በሚባለው በአንድ የኔትወርክ ሰፈር ያሉ ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በጥሪ ነው፤ አንዱ «እገሌ ሆይ፣ የት ነህ?» ብሎ ለሁሉ ይጣራል፤ ባለ ስሙ ይመልሳል። በሁለት ሰፈሮች መካከል የቆመው ራውተር ግን አድራሻ የተጻፈበትን መልእክት እንጂ ጩኸቱን አያሳልፍም። ስለዚህ ከማዶ ያለው ኮምፒውተር እያለ አይታይም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «እንግዲያው አጥሩ ይፍረስ፤ ሁሉም በአንድ ሰፈር ይግባ» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ሺህ ኮምፒውተር በአንድነት ሲጣራ መስመሩ ይጨናነቃል፤ በአንዱ የገባ ቫይረስም ሁሉን ማዳረስ ይቀለዋል። አጥሩ በምክንያት የታጠረ ነው።

መድኃኒቱ መዝገብ ነው። ኢንተርኔት የተወለደበት አርፓኔት በመጀመሪያ የኮምፒውተሮቹን ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ጽፎ ያድል ነበር። ስሙ ሲበዛ ይህ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለውን ሥርዐት አወጣ፤ ይኸውም መዝገቡ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ስሞች እንዲጠብቅ ነው። ዛሬ በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቅ የአገራችን ስም ከዓለም ዳርቻ ሲፈለግ የሚገኘው በጩኸት ሳይሆን በዚህ መዝገብ ነው።

እንግዲህ የምንለው ሁለት ነገር ነው። ለሁሉ የሚጠቅም ጽሑፍ የያዘ ኮምፒውተር በመዝገብ ይግባ፤ ስሙም ሰው የሚያውቀው ይሁን። «ፒሲ ዜሮ ሰባት» ለማን ምን ይነግራል? ስም ማውጣትና ዝርዝር ማዘጋጀት ደግሞ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ሞያ ነው። ሥራውን ለኮምፒውተር ተማሪዎች ትተን ዳር ቆመን መተቸታችን ያሳፍራል።

ወንድሞችና እኅቶች! በቴፒና በሚዛን ተፈሪ የሚማር ወጣት አንዱ የሌላውን ሥራ ባለማወቅ ሁለት ጊዜ ሊደክም አይገባም። አጥሩ ይቆይ፤ መዝገቡ ግን ይጻፍ!