የንባብ መጽሐፍ ከሣጥን ወጥቶ ገበሬው ቤት ይግባ

በጨንቻና በዶርዜ የሸማኔ ልጅ ፊደል ከመለየቱ በፊት ማግ በቀሰም ላይ ማጠንጠን ያውቃል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላ ያለው የሙዝ ገበሬ ልጅም የመስኖው ውኃ ተራ የማን እንደሆነ አጣርቶ ይናገራል። ሙያው ከቤት አለ፤ ልጁ በየቀኑ ያያል፣ ይነካል፣ ሲሳሳትም ይታረማል። መጽሐፍ ግን ከቤት የለም። በትምህርት ቤትም ቢሆን የንባብ መጻሕፍት እንዳይቀደዱና እንዳይጠፉ ተብሎ በብዙ የገጠር አካባቢዎች በሣጥን ተቆልፎባቸው ይከርማሉ። ንብረት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሳይነበብ አዲስ ሆኖ የቀረ መጽሐፍ ግን ተጠበቀ ሊባል አይችልም።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደው የንባብ ችሎታ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ጋሞኛ በምዘናው ባይካተትም፣ ችግሩ የጋሞን ልጆች አልፏቸዋል ብሎ መገመት ራስን ማታለል ነው። ማንበብ ያቃተው ልጅ ክፍል ይደግማል፣ ቀጥሎም ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ ዘመድ እጁን ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወስደው የሚያስቆመው አይኖርም። ሽመና የተከበረ ሙያ ነው፤ የሚያሳዝነው ልጁ ሌላ ምርጫ ሳይኖረው በሕፃንነቱ መግባቱ ነው።

በጋሞ ሊጤን የሚገባው ሌላም ጉዳይ አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የለመዱ አዛውንት የተማሩት በግዕዝ ፊደል፣ ቋንቋውም ወላይትኛ ወይም አማርኛ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የጋሞኛ መጽሐፍ ግን የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚህም የተነሣ አያት መጽሐፉን ገልጠው ያዩና ፊደሉ እንግዳ ሲሆንባቸው “ይህስ የመምህሩ ሥራ ነው” ብለው ይመልሱታል። ሆኖም ፊደሉን ባያውቁትም ቋንቋው የራሳቸው ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ቃሉ ተሰባብሮ ከወጣ ጋሞኛ አለመሆኑ ወዲያው ይሰማቸዋልና “ድገመው” ይበሉት። ማታ ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ይህን ሥራ ለመሥራት የሚጎድላት ነገር የለም።

የቴክኖሎጂ መሣሪያ ከመጣ መጽሐፍም አዋቂም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሁለት መንደሮች ልጆች ታብሌት ኮምፒዩተሮች ከነካርቶናቸው ተሰጥተው ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው ተጠቀሙባቸው፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስከፈቱት። የልጆች ጉጉት እስከዚህ ድረስ ነው! ነገር ግን መሣሪያውን በፀሐይ ኃይል መሙላት የተማሩት አዋቂዎች ነበሩ፤ በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ዛሬ በብዙ ገበሬ ቤት ሞባይል ስልክ አለ። በማታ ልጅ የሚያነብበት ብርሃን፣ አያት የሚተርኩት ተረት የሚቀዳበት ካርድ ሊሆን ይችላል። ልጁ የተቀዳውን ተረት ደጋግሞ ሰምቶ በደብተሩ ቢጽፈው፣ አዲስ የጋሞኛ ንባብ ከቤቱ ተገኘ ማለት ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት በሐዋሳ አካባቢ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ልጆች አድርሷል። የጋሞ ደጋ መንገድ ለጋሪ ባይመችም ልጆቹ በየቀኑ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ፤ መጽሐፉን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ከርእሰ መምህሩ ጋር መክሮ ዓርብ ማውጣት፣ ሰኞ መመለስ፣ ለደጋው ዝናብም ላስቲክ ማዘጋጀት ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም።

ዋናው እንቅፋት ግን ሌላ ነው። ብዙ ወላጅ መጽሐፉ ቢቀደድ ክፈል እባላለሁ ብሎ ስለሚፈራ ልጁ ይዞት እንዳይመጣ ይከለክላል። ስለሆነም በንባብ ብዛት ያረጀም ሆነ የተቀደደ መጽሐፍ በወላጅ ላይ ዕዳ እንደማይሆን በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ውሳኔውም መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ለወላጆች ይነገር።