ሥራ መልቀቅ ሽንፈት ነው?

ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ ስለ ሶማሊያ ስንወያይ «ሳህኑን ምን ሠሩ? ስድስት ወር ያህል ቆይተው ጥለው ሄዱ አይደል እንዴ!» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም የረታሁ መሰለኝ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያንን አባባሌን ለማረም ነው።

መሐመድ ሳህኑን አልጄሪያዊ ዲፕሎማት ነበሩ። በወጣትነታቸው በነፃነት ትግሉ ጊዜ በፈረንሳይ ወታደሮች እጅ ወድቀው ተሠቃይተዋል። ለአዲስ አበባም እንግዳ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የተመድ ልዩ ተወካይ ሆነው ሶማሊያ ሲገቡ መንግሥት የሚባል ነገር አልነበረም። ሞቃዲሾን ጄኔራል አይዲድና አሊ ማህዲ ተከፋፍለዋታል፤ ሕዝቡ በረሃብ ያልቃል። ሳህኑን ጠመንጃ ከያዙት ጋር ብቻ አልተነጋገሩም። የጎሳ ሽማግሌዎችን ፈልገው አገኙ፣ አዳመጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አይዲድ 500 የፓኪስታን ወታደሮች እንዲገቡ በነሐሴ ወር እሺ አሉ።

ችግሩ የመጣው ከላይ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ተጨማሪ ወደ 3,000 ወታደር ፈቀደ። ሳህኑን በኋላ እንደጻፉት፣ እዚያ መሬት ላይ ያሉትን ቀድሞ ያማከረ አልነበረም። በብዙ ድካም የተገነባው መተማመን ተሸረሸረ። እርሳቸውም የተመድን ዘገምተኝነት በአደባባይ ስለተቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተግሣጽ ደረሳቸው፤ በጥቅምት ወር ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ተምረናል። በታኅሣሥ በአሜሪካ የሚመራው ጦር ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ እህል ለብዙዎች እንዲደርስ ረድቷል። ነገር ግን በሰኔ 1993 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች፣ በጥቅምት ደግሞ 18 የአሜሪካ ወታደሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሊያውያን ሞቱ። በመጋቢት 1995 ተመድ ጠቅልሎ ወጣ።

«ዲፕሎማት ውስጥ ሆኖ ነው የሚታገለው፤ ከወጣ ማንን ይረዳል?» የሚሉ ይኖራሉ። ቀላል ሙግት አይደለም። ሳህኑን ቢቆዩ ኖሮ ያ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር ለማለትም አልደፍርም። ይሁንና የአደራዳሪ ሀብቱ ቃሉ ነው። ለሽማግሌ የሰጠውን ቃል አለቆቹ ካፈረሱበት፣ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ መቀመጥ መዋሸት ይሆናል። ደግሞስ የለቀቁት ሥራውን እንጂ ሰላምን አይደለም። በኋላ ለታላላቅ ሐይቆች አካባቢ፣ ከዚያም በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ መልእክተኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 መንግሥታት ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው የሚለውን ሐሳብ ያወጣውን ኮሚሽን ከጋሬዝ ኢቫንስ ጋር መርተዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2018 ድረስ፣ አንድም ቀን ጡረታ የወጡ አይመስሉም ነበር።

እንግዲህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የድርድር ልምምድ ስናደርግ ሁልጊዜ ሁለት የጦር መሪዎችና አንድ መልእክተኛ ነን። ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ፣ ልጆቿ የተራቡባትን እናት ሆና የምትናገር የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ወንበር እንጨምር። አንዱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ።