መብራት ላጠፋ ማን ይክፈል?



የመብራት ሂሳብ በወቅቱ ያልከፈለ ደንበኛ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቅጣት ይጨመርበታል፣ መስመሩም ይቆረጣል። በካርድ ቆጣሪ የሚጠቀመውማ የሚከፍለው ገና ኃይሉን ሳያገኝ ነው። መብራቱ ሲጠፋስ? ወፍጮ ቤቱ እህል ተደርድሮበት ይቆማል። በያጁ ሥራ ፈትቶ ይውላል። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እናት ሊጡ ይኮመጥጥባታል። ለዚህ ሁሉ ኪሳራ ግን የሚጠየቅ የለም።

በ2011 ዓ.ም. የግድብ ውኃ ቀንሶ ኃይል በፈረቃ ሲታደል ታግሰናል። ዛሬ ግን ሕዝቡ ከደመወዙ እየቆረጠ ቦንድ የገዛለት፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ዋጋው ሲጨምር ግዴታውም አብሮ መጨመር አለበት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1790 እና 1791 ውሉን ያልፈጸመ ወገን ካሣ እንዲከፍል ያዛል፤ ነፃ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲያግደው ብቻ ነው። ነገር ግን የአንድ ቀን ገቢዋን ያጣች ፀጉር ሠሪ ከጉዳቷ የሚበልጥ ገንዘብ ለጠበቃና ለዳኝነት ከፍላ አትከራከርም። ክስ የሚጠይቅ መብት ለድሃ መብት አይደለም። ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1. ያለ ማስታወቂያ ለተቋረጠ ኃይል በሰዓት የተሰላ ካሣ፣ ደንበኛው ሳያመለክት ከሚቀጥለው ወር ሂሳብ ይቀነሳል፤ ለካርድ ቆጣሪ ተጠቃሚም በካርዱ ይሞላለታል።

2. ለጥገና የሚቋረጥ ከሆነ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለየሰፈሩ ይነገራል።

3. መብራት የጠፋበት ሰዓትና ምክንያት ከአገልግሎቱ ውጭ በሆነ ተቆጣጣሪ ተመርምሮ በየወሩ ይፋ ይሆናል።

4. ጎርፍና የመሳሰለው አደጋ ካሣ አያስከፍልም፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን የአገልግሎቱ ነው።

«ድርጅቱ የመንግሥት ነው፤ ካሣው ተመልሶ ከሕዝብ ኪስ ይወጣል» የሚሉ አሉ። ኪሳራውማ ዛሬም የሚወጣው ከሕዝብ ኪስ ነው፤ ያውም ከተጎዳው ሰው ብቻ። እኛ ካሣው በታሪፍ ላይ እንዳይጫን በሕግ እንከለክላለን፤ የኃላፊዎችን የማበረታቻ ክፍያም መብራት ከሚጠፋበት ሰዓት ጋር እናያይዛለን። ያረጀ ትራንስፎርመር በወቅቱ የሚቀየረው አለመቀየሩ ገንዘብ ሲያስከፍል ነው።

ከነገ ጀምሮ መብራት አይጠፋም ብለን አንዋሻችሁም፤ ያረጀ መስመር በአንድ ጀምበር አይታደስም። ሲጠፋ ግን ዕዳው የአጥፊው ይሁን እንላለን። ድምፅ ለመስጠት ስትወጡ በጨለማ ያሳለፋችሁትን ምሽትና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አስታውሱ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ