አብሽ ምግባችን እንጂ የመድኃኒት ምትክ አይደለም

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ውጫሌን አልፈው መርሳ ከመድረስዎ በፊት ውርጌሳን ያገኛሉ። በዚህች ከተማም እንደ ብዙው የወሎ አካባቢ የረመዳን ማዕድ ያለ አብሽ ጎዶሎ ነው። እናቶች ዱቄቱን ቀደም ብለው ይዘፈዝፉታል፤ ላዩ ላይ የጠለለውን መራራ ውሃ ደጋግመው ይደፉታል፤ ከዚያም ነጥቶ አረፋ እስኪይዝ ድረስ ይመቱታል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተምር ያፈጠረ ጉሮሮ በአብሽ ይርሳል።

ይህ ልማድ በከንቱ የቆየ አይደለም። አብሽ ከምስርና ከሽምብራ ወገን የሆነ ተክል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወይም 11 ግራም ያህል የአብሽ ፍሬ 2.5 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ አሰር (ፋይበር) እና 3.7 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ለዋለ ሆድ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

አሁን አሁን ግን በዚህ መልካም ምግብ ላይ የማይሸከመው ምስጋና እየተጫነበት ነው። «አእምሮ ይከፍታል፤ ለፈተና ያዘጋጃል፤ የስኳር በሽታን ነቅሎ ያጠፋል» የሚሉ አሉ። አብሽ የማስታወስ ችሎታን እንደሚያግዝ የሚጠቁሙት ጥናቶች በአብዛኛው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተደረጉ ናቸው። በሰው ላይ ይህን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ገና የለም። ስለዚህ ተማሪ ልጃችንን አብሽ አጠጥተን እንቅልፍ ብንነሳው አልጠቀምነውም።

አብሽ አእምሮን የሚረዳበት እውነተኛ መንገድ ግን አለ፤ እሱም በደም በኩል ነው። አእምሯችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶውን ገደማ ይወስዳል። ዋና ነዳጁም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው። አብሹ ሲዘፈዘፍ የምናየው ዝልግልግ ነገር ከምግብ የምናገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ብርጭቆውን በስኳር ከሞላነው ግን ይህን ጥቅም በገዛ እጃችን እናበላሸዋለን።

ሁለተኛው ብረት ነው። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ቶሎ ይደክማል፤ ትምህርት የመቀበል አቅሙም ይቀንሳል። የወር አበባ የጀመሩ ሴቶች ልጆችና እናቶች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ግን በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ወሎዬን የሚከብደው ምክር ይመጣል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማንም አይሰማንም። ነገር ግን ጀበናው ከተራዊህ በኋላ ቢጣድ ምን ይጎድለናል? ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው የአንድ ሁለት ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ለታገሠ ሰው ይህ አይከብድም።

በጣም የሚያሳስበን ግን የስኳር ሕሙማን ጉዳይ ነው። አብሽ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚቀንስ፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው አብዝቶ ቢጠጣው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። «አብሽ ይበቃኛል» ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶችም በምግብ ከተለመደው መጠን ማለፍ የለባቸውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም ሐኪማቸውን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ራሱ እንዳይጾም ፈቅዶለታል፤ በአብሽ ተመክቶ ራሱን አይጉዳ።

ስለዚህ ቤተሰቦቻችንን የምንመክረው ይህን ነው። አብሹ ይዘፍዘፍ፣ ይመታ፣ ሎሚ ይጠብበት፣ ስኳሩ ይቀነስ። ከሚቀዳው ብርጭቆ ቀን ከሌት ማጀት የዋለችው እናትና ትምህርት ቤት የዋለችው ልጅ ቀድመው ይድረሳቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፋቸው ድቃቂው ነውና። የታዘዘ መድኃኒትም ከሐኪም ጋር በተመከረው ሰዓት ይወሰድ። አብሽ እናቶቻችን ያቆዩልን ምግብ ነው፤ ስሙን የምናከብረው ያልሆነውን ነው ባለማለት ነው።