ባሕር ለማየት የሚነሣ ቤተ ሰብ ገንዘቡን እንዴት ይቍጠር

በአገራችን በቈየው ልማድ ሰው ከቤቱ ርቆ የሚሄደው ለሥራ፥ ለሙግት፥ ለለቅሶ፥ ለሠርግ ወይም ለንግሥ ነው እንጂ፥ ዕረፍት ለማድረግ ብቻ ስንቅ ቋጥሮ መንገድ መግባት ብዙ የታወቀ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ልጆቻችን በትምህርት ቤት የዓለምን ካርታ እያዩ ስለሚያድጉ፥ ባሕር ምን እንደሚመስል ይጠይቁናል። እኛም በመጽሐፍ ያነበብነውን እንነግራቸዋለን፤ ነገር ግን እኔ ራሴ ዕድሜዬ ከአርባ ዓመት አልፎ ሳለ፥ የባሕር ውሃ ጨው ጨው ማለቱን በምላሴ አረጋግጬ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የማቀርበው፥ ኑሮው በወር ደመወዝ የተወሰነ ቤተ ሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጥቶ ባሕር አይቶ ለመመለስ ሲያስብ፥ ገንዘቡን እንዴት አድርጎ ሊቈጥርና ሊደለድል እንደሚገባው ነው።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤት ባልንጀሮቼ ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ ያመጡትን ፎቶግራፍ አይቼ፥ ከነርሱ በምን አንሳለሁ በማለት፥ ባለቤቴን ሳላማክር ለአንድ የጉዞ ወኪል ቀብድ ከፈልሁ፤ ቀብዱም የተበደርሁት ገንዘብ ነበር። ቪዛው ሳይገኝ ቀረ። ወኪሉም ቀብዱ የማይመለስ መሆኑን በተፈራረምነው ወረቀት ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አሳየኝ። በፍርድ ቤት ተቀምጬ ይህን ያህል ዘመን የሰው ውል ስገለብጥ የኖርሁ ጸሐፊ፥ የራሴን ውል ሳላነብ ፈርሜ ተገኘሁ። ብድሩን ከፍዬ ለመጨረስ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቴ ነገሩን የሰማችው ከእኔ አፍ ሳይሆን ከአበዳሪዬ ሚስት መሆኑ ነው። «ገንዘቡስ ይተካል» ብላ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ከብድሩ ይልቅ ረዥም ሆነ።

ዘንድሮ ዕቍቡ ለርሷ ወጣ። ጣራችን እንደሚያፈስ፥ የልጆችም የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚጠብቀን ስለማውቅ፥ እኔ ስለ መንገድ ቃል ለማውጣት አልደፈርሁም። ነገሩን ያነሡት እናቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ዓመት ነው። ትንሿ ልጃችን ካርታዋን ዘርግታ ሰማያዊውን ቀለም ስታሳያቸው ቈይተው፥ «ልጄ፥ ሰማይና ውሃ የሚገጥሙበትን ስፍራ ሳላይ ልሙትን?» አሉኝ። መልስ አጥቼ ባለቤቴን አየሁ። እርሷም በማግስቱ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝታ መጣች፤ የጣራውንና የትምህርት ቤቱን ገንዘብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፋ ከለየች በኋላ፥ «በቀረው መሄድ ይቻል እንደ ሆነ በቍጥር አሳየኝ፤ ደብተሩ ግን ከእኔ ዘንድ ይቀመጣል» አለችኝ።

በመጀመሪያ የተከራከርነው ስለ ስፍራው ነው። ጅቡቲ ለእኛ ቅርብ ናት፤ የምድር ባቡሩም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ማመላለስ ይዟል። ነገር ግን የማደሪያውና የምግቡ ዋጋ ለአምስት ሰው የሚቻል ሆኖ አላገኘነውም። ከዚህ በኋላ ዓይናችን ወደ ኬንያ፥ ይልቁንም ወደ ሞምባሳ ዞረ። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህም አቅሙ ያነሰ መንገደኛን በሁለት ወገን ይረዳዋል። ለአምስት ሰው የሚከፈለው የቪዛ ገንዘብ በኪስ ይቀራል፤ ደግሞም ቪዛ አስገኝልሃለሁ የሚል ሰው በመካከል አይገባም። የመግቢያ ደንብ አልፎ አልፎ ስለሚለወጥ ግን፥ ትኬት ከመቍረጥ በፊት ከኤምባሲው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞምባሳም ራሷ ደሴት ስለ ሆነች፥ ወደዚያ የሄደ ሰው ባሕር ማዶ ደርሼ መጣሁ ቢል አልዋሸም።

ቀጥሎ ከባለቤቴ የተማርሁት ነገር በብር አለመቍጠርን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በመስከረም በብር ተቈጥሮ የተቀመጠ የመንገድ ገንዘብ በጥር ያንኑ ያህል መንገድ ላያስኬድ ይችላል። እኛ ወጪውን ሁሉ በኬንያ ሽልንግ ጽፈን፥ በየወሩ መጨረሻ የዚያን ቀን የባንክ ምንዛሪ እየጠየቅን ወደ ብር እንመልሰዋለን፤ በድምሩም ላይ ከአሥር አንድ እጅ ጨምረናል። የውጭ አገር ገንዘቡን ፓስፖርትና ትኬት አቅርቦ ከባንክ መግዛት ነው እንጂ፥ ከመንገድ ዳር መንዛሪ መግዛት ለደንበኛ ሰው አይገባውም፤ ሐሰተኛ ወረቀት ቢደርሰው ለማን አቤት ይላል?

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሌሊት ያስመሸን የመጓጓዣው ሒሳብ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በቀጥታ ሞምባሳ መውረድ ይቻላል፤ ወይም ናይሮቢ ወርዶ የቀረውን በባቡር መጨረስ ይቻላል። በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ መሄድ ዋጋው የቀለለ ቢሆንም፥ ብዙ ቀን ስለሚወስድና የመንገዱም ጸጥታ አስቀድሞ መጣራት ስላለበት፥ ከእናቴ ጕልበት ጋራ የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ባቡር ከናይሮቢ ሞምባሳ በስድስት ሰዓት ያህል ይደርሳል። የዝቅተኛው ማዕርግ ዋጋ 1000 ሽልንግ የነበረው ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 1500፥ የአንደኛው ማዕርግ ደግሞ 4500 ሆነ፤ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ እኩሌታውን ይከፍላል። ወንዱ ልጃችን 13 ዓመት ስለ ሆነው እንደ ዐዋቂ ይቈጠራል፤ ትንሿ 9 ዓመቷ ነው። እንግዲህ በዚህ ታሪፍ በዝቅተኛው ማዕርግ የአምስታችን ደርሶ መልስ 13500 ሽልንግ ይሆናል፤ በአንደኛው ቢሆን 40500 ነበር። እኔ፥ ልማድ ክፉ ነውና፥ ቢያንስ ስንሄድ በአንደኛው ማዕርግ እንቀመጥ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን «ዝኆኑ በሁለቱም መስኮት ያው አንድ ነው» አለችኝ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባቡሩ ርካሽ ነው ተብሎ በትኬቱ ዋጋ ብቻ አይወሰንም። የናይሮቢው ጣቢያ ከመካከለኛው ከተማ ርቆ በስዮኪማው፥ የሞምባሳውም ከደሴቲቱ ውጭ በሚሪቲኒ ስለሚገኝ፥ በሁለቱም በኩል የታክሲ ኪራይ ይጨመራል። አውሮፕላኑና ባቡሩ በሰዓት ካልተገጣጠሙ ደግሞ ናይሮቢ አንድ ሌሊት ማደር ይመጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በቀጥታ ሞምባሳ ከሚያወርደው አውሮፕላን ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን፥ በእኛ ደብተር ባቡሩ ያሸነፈው በጥቂት ብቻ ነው። ልባችንን ወደርሱ ያዘነበለው፥ ጠዋት የሚነሣው ባቡር በቀን ብርሃን በጻቮ የአራዊት ክልል ውስጥ ማለፉ ነው። የቀድሞው የባቡር መንገድ ከሞምባሳ ተነሥቶ ሲሠራ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1898 በጻቮ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ሁለት አንበሶች ሠራተኞችን እየበሉ ሥራውን እንዳስቆሙት ለልጄ ነግሬው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሌላ መንገድ ማውራት አልተቻለም።

ስለ ወራቱ፥ የልጆች ዕረፍት በክረምት ስለ ሆነ አስቀድመን ሐምሌን አስበን ነበር። በዚያ ዳርቻ ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ ይናወጣል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ያለው የካስካዚ ነፋስ ወራት ግን የተሻለ ጸጥታ አለው። የኬንያ ሰዎች ልደትን የሚያከብሩት በፈረንጆች ታኅሣሥ 25 ቀን ስለ ሆነ፥ እስከ ዘመን መለወጫቸው ድረስ ማደሪያው ይሞላል፥ ዋጋውም ይወጣል። የእኛ ገና ሲደርስ የነርሱ በዓል ዐልፎ እንግዳው ይበተናል። የዘመን አቈጣጠራችን መለየት ደብዳቤ ስጽፍ ሁልጊዜ ያደክመኝ ነበር፤ አሁን ግን ለአንድ ጊዜ ገንዘብ አተረፈልኝ። ገናን በቤታችን አክብረን በማግስቱ ለመነሣትና ለጥምቀት ዋዜማ ለመመለስ ቈረጥን፤ ልጆቹ ከትምህርት ስለሚቀሩባቸውም ቀኖች ለአስተማሪዎቻቸው ጻፍሁ።

ከወጪ ሁሉ ምንም የማይቀነስለት የጤና ወጪ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ፥ በመነሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ከአውሮፕላን ጣቢያ ሊመለስ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ግን ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ዕድሜው ከ60 ዓመት ላለፈ ሰው ይህ ክትባት አልፎ አልፎ ብርቱ ጕዳት ሊያመጣ ስለሚችል፥ አስቀድሞ ሐኪም ሊመረምረው ይገባል። እኛም ከሁሉ በፊት እናቴን ወደ ሐኪም ወሰድን፤ እርሳቸው ካልቻሉ መንገዱ ይቀራል ብለን ስለ ነበረ፥ የሐኪሙ ቃል እስኪሰማ ድረስ ከደብተሩ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካንም። ሁለት ጊዜ አመላልሶ መርምሮ ፈቀደ። የሞምባሳ ዳርቻ የወባ አገር ስለ ሆነም ስለ መከላከያው መድኃኒት የዚያኑ ዕለት ጠየቅነው።

ማደሪያን በሚመለከት፥ ባለቤቴ ሆቴል የሚለውን ቃል ሰርዛ ማድ ቤት ያለው የሚከራይ ቤት ብላ ጻፈች። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይሄዳል። ሆኖም ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል የምንለውን የላስቲክ ከረጢት ስለ ከለከለች፥ ስንቁ በጨርቅ ከረጢትና በክዳን ዕቃ ይታሰራል። ለቍርስ የዚያ አገር ሰው ማሐምሪ የሚባለውን ጥብስ ዳቦ በኮኮናት ወተት ከተቀቀለ የርግብ አተር ጋራ ይበላል፤ ይህ ወጥ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ለእናቴም የሚስማማ ነው።

ዋናው ነገር፥ ባሕሩ፥ አይከፈልበትም። ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ያለው የሕዝብ ዳርቻ ለማንም ክፍት ነው። ከደሴቲቱ ወደ ሊኮኒ የሚያሻግረውም መርከብ እግረኛን ያለ ዋጋ ያሻግራል። ስለዚህ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕር ውሃ ሲሻገሩ አንድ ሽልንግ አይከፍሉም፤ ባለቤቴ በዚያ መስመር ላይ ዜሮ ጽፋ በቀይ እርሳስ አሰመረችበት። እኛ የደጋ ሰዎች ግን ልናውቀው የሚገባን ነገር አለ። ባሕር እንደ ሐይቅ በአንድ ስፍራ አይቆምም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ በሞምባሳ የሙላቱና የጕድለቱ ልዩነት አንዳንድ ቀን ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ውሃው ሲሸሽ ተከትሎት የሄደ ልጅ ሲመለስ እንዳይደርስበት፥ በየማለዳው ሰዓቱን ከዓሣ አጥማጆች መጠየቅ የአባት ሥራ ነው።

ፎርት ጂሰስ የሚባለው፥ ፖርቱጋሎች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1593 ጀምሮ የሠሩት ምሽግ መግቢያ ይከፈልበታል፤ እርሱን ግን አልሰረዝነውም። በ1498 በሞምባሳ ያለፈው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎር፥ በ1541 ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ አገራችን መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት መገደሉን ልጄ በትምህርት ቤት ተምሯል።

አሁን ወደ ከባዱ ወጪ እመጣለሁ፤ እርሱም ስጦታ ነው። በአገራችን መንገደኛ ባዶ እጁን አይመለስም፤ መሄዱም ከተሰማ ጫማ አምጣልኝ፥ ሽቱ አምጪልኝ የማይል ዘመድ የለም። ስለዚህ ነገር እኔና ባለቤቴ ሦስት ማታ ተከራከርን። እኔ በምስጢር ሄደን እንመለስ አልሁ፤ እርሷም «ምስጢርህን አምና አየነው» ብላ አሳፈረችኝ። በመጨረሻ ለአሥራ ሁለት ቤት፥ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ጥቅል ቅርንፉድና ቍንዶ በርበሬ፥ ለሁለቱ አክስቶቼ ብቻ ካንጋ የሚባለውን የዳርቻውን ልብስ ለመግዛት ተስማማን፤ ልመና ለሚያቀርብም ዘመድ ሁሉ መልሱን የምትሰጠው እርሷ ሆነች። እንዲህ ተደርጎም የስጦታው ድምር ከባቡሩ ድምር ሊተካከል ጥቂት ነው የቀረው።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ገንዘብ ለመንገድ አይደለም፤ ከተመለስን በኋላ እስከ ደመወዝ ድረስ ለጤፍ፥ ለዘይትና ለመብራት የሚሆን ነው። ይህ ገንዘብ ለብቻው በባንክ ተቀምጧል፤ ሞምባሳ ላይ ምንም ቢያምረን አይወጣም። ባለቤቴ ሁሉን ደምራ ከጨረሰች በኋላ፥ በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጠው ደብተሩን ለአንድ ሌሊት ሰጠችኝ። ገልብጬ ሳበቃ ከግርጌው ለሁለት ፊርማ የሚሆን ቦታ አስምራ እንደ ነበረ አየሁ፤ የርሷ ተፈርሟል። ከአርእስቱ ጀምሬ እስከ ግርጌው ድረስ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምሁ።