ለመቀስ የተሰፋ ዳንስ

«ተፈጥሮ ነው! ጥቁር ሰው ሲፈጠር ዳንሱ እግሩ ውስጥ ገብቶለት ነው።» ይህን ያለው ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላበላሸሁ። ያለው ግን የራሳችን ልጅ፣ የዶርማችን ሰው ነው። አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን «ስቶርሚ ዌዘር» የተባለውን የ1943 ፊልም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አይተን መጨረሳችን ነበር። ሌላው ደግሞ ተቀበለና «የሆሊውድ ጭፈራ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ምን ይፈይዳል? ማዘናጊያ ነው!» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የመጀመሪያው ይብሳል።

ክርክሩን ያስነሡት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ፋያርድና ሃሮልድ ኒኮላስ። የካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራ ይጫወታል፤ እነሱ በሙዚቀኞቹ መሐል እየዘለሉ፣ ብረት በተመታበት ጫማቸው ወለሉን እንደ ከበሮ እየደበደቡ ይመጣሉ። ከዚያ ትልቁ ደረጃ አለ። አንዱ በሌላው ራስ ላይ ዘሎ፣ እግሩን ግራና ቀኝ ከፍቶ ከታችኛው እርከን ላይ ዘፍ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በተራው በእሱ ላይ ይዘላል። እንዲህ እያሉ እስከ ታች ይወርዳሉ። ሲነሡ እጃቸው መሬት አይነካም። ፍሬድ አስቴር ራሱ፣ በሙዚቃዊ ፊልም ካያቸው ትዕይንቶች የሚበልጠው ይህ ነው ማለቱ ይነገራል።

ፋያርድ በኋላ እንደተናገረው ይህ ትዕይንት ያለ ልምምድ በአንድ ጊዜ የተነሣ ነው። «አላልኳችሁም!» ይላል የተፈጥሮው ጓደኛችን። ቆይ እንጂ! እናታቸው ፒያኖ፣ አባታቸው ከበሮ ይጫወቱ የነበሩት ፊላደልፊያ፣ ስታንዳርድ ቲያትር ውስጥ ነው። ፋያርድ ገና በልጅነቱ እዚያ ተቀምጦ የሚመጣውን ዳንሰኛ ሁሉ ሲመለከት አደገ። የዳንስ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ዓይቶ ተማረ፣ ታናሹንም አስተማረ። በ1932 ጥቁር እየጨፈረ ነጭ በሚመለከትበት የሃርለሙ ኮተን ክለብ መድረክ ላይ ሲወጡ ሃሮልድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ እስከ ደረጃው ድረስ 11 ዓመት ሌላ አለ። ይህ ተፈጥሮ ከተባለ፣ እኛም ለፈተና መብራት ስናቃጥል የምናድረው ተፈጥሮ ሆኖብን ነው ማለት ነው። አስቴርን «ጠንክሮ ሠራተኛ» እንለዋለን፤ እነሱን «ተሰጥኦ»። ለምን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ስቶርሚ ዌዘር» ተዋንያኑ ጥቁሮች ስለሆኑ ለብቻው ይታይ። ሌሎቹን ግን እዩ፦ «ዳውን አርጀንቲን ዌይ» በ1940፣ «ሰን ቫሊ ሴሬናድ» በ1941፣ «ኦርኬስትራ ዋይቭስ» በ1942። ይመጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሄዳሉ። በታሪኩ ውስጥ የማንም ጓደኛ፣ የማንም ባላንጣ አይደሉም። ደራሲው ረስቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው። በዘር ልዩነት ሕግ ይኖር የነበረው የአሜሪካ ደቡብ ሲኒማ ቤቶች የጥቁርን ትዕይንት ቆርጠው ይጥሉ ስለነበር፣ ስቱዲዮዎቹ ሲጎድል ታሪኩ እንዳይበጠስ አድርገው ይሰፉት ነበር። እንደ ኮት ጌጥ ቁልፍ ነው፤ ቢነቀልም ኮቱ ኮት ነው። ሊና ሆርን በኤም ጂ ኤም ፊልሞች ለብቻዋ ቆማ የምትዘፍነውም በዚሁ ስፌት ነው። በ1948 በ«ዘ ፓይሬት» ወንድማማቾቹ ከጂን ኬሊ ጎን ቆመው እኩል ጨፈሩ፤ አንዳንድ የደቡብ ከተሞች ያንኑ ትዕይንት አወጡት።

እንግዲህ ማዘናጊያ ነው ላልከው ወንድሜ፦ አንድ አገር እንዴት ይገዛ እንደነበር ከሦስት ደቂቃ ጭፈራ ስፌት ላይ ማንበብ ከተቻለ፣ ይህ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሥራ ካልሆነ የማን ነው? ልብ ወለድ ስናነብ ማን ስም እንዳለው፣ ማን ስም እንደሌለው እንጠይቅ የለም እንዴ?

ደግሞ «መከራው ነው ጥበብ የወለደላቸው» የሚል ሦስተኛ ወገን እንዳይነሣብኝ። አልወለደም፤ ሰረቀ። ፋያርድ «ዘ ሊበሬሽን ኦፍ ኤል ቢ ጆንስ» በተባለው ፊልም ሳይጨፍር የሚናገር ገጸ ባሕርይ ሲያገኝ 1970 ደርሷል፤ ሰውዬው ከ50 አልፏል። የኬኔዲ ማዕከል ክብር በ1991 መጣ፤ ሃሮልድ በ2000፣ ፋያርድ በ2006 ሞቱ። ከ20 እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ሊሠሯቸው ይችሉ የነበሩትን ገጸ ባሕርያት የት ሄደን እንይ?

ቅዳሜ «ሰን ቫሊ ሴሬናድ»ን እናያለን። የተፈጥሮው ጓደኛዬ አጠገቤ ይቀመጥ። ጭፈራው ካለቀ በኋላ ወንድማማቾቹ ወዴት እንደሄዱ ፊልሙ ከነገረው፣ የሁላችንንም ሻይ እኔ እከፍላለሁ።